ቃል አስታዋሽ

እኔ ቃል አስታዋሽ ነበርኩ።
ከመጋረጃው ጀርባ፣ የተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ፣
በአንድ እጄ ባትሪ፣ በሌላው ደብተር ጨብጬ፣
ተዋናይ ቃል ሲጠፋው
ቀስ ብዬ የማቀብል፣ ከሃፍረት የማተርፈው።

አዳራሹ ከሆጤ ቁልቁል ነው።
ጦሳ ጉሙን ሲለቀው መስኮቱ በቀን ይመሻል፣
በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሰው ድምፅ ይሸሻል፤
መምህር ጌትዬ ግን አይጮህም፤ ቆሞ ይጠብቃል፣
በረዶም ሥርዓት የሚማር ይመስለዋል።

ድርሰቱ የሱ፣ ዝግጅቱ የሱ፣
መምህሩን ሆኖ የሚጫወተውም ራሱ።
«ይህ ወለፈንድ ነው» አለን፤ «ትርጉም አትጠይቁ፤
ትርጉም ያማራችሁ ሒሳብ ክፍል ሂዱ፣ እዚያው ድረቁ።»

ታሪኩ ይኸው፦
አንድ መምህር፣ አንዲት ተማሪ፣ አንድ ወንበር።
«ይህ ምንድን ነው?» ይላታል። «ወንበር።»
«ከወንበር ውስጥ በር የለም?» «አለ።»
«በር ካለ፣ ተነሽ በሱ ውጪ» አለ።
መውጣት ሲያቅታት ቃል ይነጥቃታል።
መጀመሪያ «ወንበር»ን። ከዚያ «በር»ን።
ከዚያ «ውሃ»፣ «እናቴ»፣ «አይሆንም»።
እየነቀለ ኪሱ ይከታል፤ ኪሱ አይሞላም።
በመጨረሻ የምትቀራት አንዲት ናት፦ «አቤት»።
ሲጠራት «አቤት»። ሳይጠራት «አቤት»።
መጋረጃ። ጭብጨባ። ወደ ቤት።

ተማሪዋ ሉባባ ይመር ነበረች፤
አሥረኛ ክፍል፣ ከገራዶ በእግሯ የምትመጣ፣
የወንድሟን ጃኬት ለብሳ፣ እጅጌው ከጣቷ የወጣ።
አባቷ ለክበቡ ሲያስረክቧት
«ከዓይኗ በቀር ሌላው የርስዎ ነው» አሉት።
ሳቀ።
እውነቱን ልናገር፣ ዓይኗን አልነካም።

ጥፊው በድርሰቱ አልነበረም።
ደብተሩ በእጄ ነው፤ ገጽ አሥራ ሁለት
«መምህሩ ዝም ይላል» ይላል እንጂ «ይመታል» አይልም።
«ለስሜት ነው» አለ፤ «ስሜት በብድር አይመጣም።»
በማግስቱም ለስሜት። በሰልስቱም።
እኛ ስንሰናበት እሷ ስትቀር፣
«ያልጨረስነው ትዕይንት አለ» ሲል፣ ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር፣
እኔ ደጅ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስር ነበር።
ጫማዬ ክር አልነበረውም።
ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ «አቤት»።
ከዚያ በረዶ፤
ወይም እኔ ነኝ በረዶ ነው ያልኩት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ፤
ሹሙ ከፊት፣ የሸዋ በር ነጋዴ ከኋላ፣
አባቷ መሐል፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው።
ቃላቷን እንደ ጥርስ አንድ በአንድ ነቀላት፤
ሰዉ ሳቀላት።
«አቤት» ላይ ስንደርስ
ሉባባ ፊቷን ከሱ መለሰች፣
ወደ ሕዝቡ ዞራ «አቤት!» አለች።
ማንም አልጠራትም።
«አቤት!»
ሦስተኛውን አባቷ ወዳሉበት ላከችው።

ይህን ቃል እኮ አገሬው ያውቀዋል፤
ለጠሪ ሲሉት ትሕትና፣ ለዳኛ ሲሉት ክስ ይሆናል።
በሬዬ ተነዳ፣ ድንበሬ ተገፋ ብሎ
በዚሁ ቃል ያልጮኸ ማን አለ ከዚያ ሁሉ?
ግን ከመድረክ ነው የመጣው። መብራት በርቶበታል።
አጨበጨቡ።
አባቷም ቆመው አጨበጨቡ።
መምህር ጌትዬ እጇን ይዞ እጅ ነሳ፤
ጣቶቿ ሲነጡ ከጀርባ አየሁ።

በደብተሩ «አቤት» አንድ ጊዜ ናት።
ከሦስተኛው በኋላ ሉባባ ወደኔ አየች፣
ከተነጠቀቻቸው አንዱን ቃል ብቻ ሽታ፦
«አይሆንም»፣ ወይ «እናቴ»፣ ወይ «በር»።
ሥራዬ እሱ ነበር።
ገጽ ገለጥኩ።

ዛሬ ኮምቦልቻ አስተምራለሁ።
በሩን ክፍት ነው የምተወው፤ አቧራ ገባ ይሉኛል።
ጠዋት ስም ስጠራ አርባ ሁለት ልጅ
በየተራ «አቤት» ይለኛል።
ለምን እንደጠራኋቸው
ይጠፋኛል፤
እጠብቃለሁ፤
ከጀርባዬ የሚያቀብል የለም።